መስመሩ እስኪስተካከል

እማዬ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽስ፣ ደረጃ ስትወጪ ይይዝሽ የነበረው ለቀቀሽ? እንቅልፍስ ይወስድሻል? እኛ ተመስገን ነው። ልጆቹ ደህና ናቸው፣ አባታቸውም ደህና ነው፣ እኔም ከድምፄ በቀር ሁሉ ነገሬ ደህና ነው።

ፖስታውን ስታዪ ክው እንደምትዪ ስለማውቅ አስቀድሜ ልንገርሽ፤ ሰው አልሞተም። የተፋታም የለም። እሱ እንኳ ለጥቂት ነው የተረፈው፣ ቆይቼ አጫውትሻለሁ። ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ብለሽ ከመጨነቅሽ በፊት ተቀመጪ፣ መነጽርሽን አድርጊ፣ ቀስ ብለሽ አንብቢ። ቀዩን እስክሪብቶሽን ግን ለጊዜው አርቂው። ማተሚያ ቤት ዕድሜሽን ሙሉ የሰው ስህተት ስታርሚ ኖረሽ ይህን ያህል ገጽ እጅሽን አጣጥፈሽ ማንበብ እንደሚከብድሽ ይገባኛል፤ ቢሆንም መጀመሪያ ነገሩን ስሚኝና ፊደሉን በኋላ ትደርሺበታለሽ።

እማዬ፣ ምርር ብሎኛል። በቤትም በመሥሪያ ቤትም «ራስሽን ጠብቂ» የሚለኝ ሰው ከመብዛቱ የተነሳ ራሴን የምጠብቅበት ጊዜ አጣሁ።

ሥራዬን መቼም ታውቂዋለሽ፣ የስልክ ቅሬታ መቀበል ነው። ጠዋት ገብቼ ማዳመጫውን እሰካና ስልኩ የተቋረጠበት፣ ኔትወርክ የጠፋበት፣ የጎረቤቱ ዛፍ ሽቦውን የበጠሰበት ሁሉ ተራ በተራ ሲቆጣኝ ይውላል። ቁጣውን ለምጄዋለሁ። ያልለመድኩት የራሴን ድምፅ ነው። ካለፈው ክረምት ጀምሮ ሻከር ሻከር ሲል ቆየና በኋላ እንደ ዛገ የበር ማጠፊያ ሲጥ ሲጥ ይል ጀመር። አንዱ ደንበኛ «ወንድሜ» ሲለኝ በትዕግሥት አለፍኩት። ሌላኛው «አባባ» ሲለኝ ግን ማዳመጫውን አውልቄ ውሃ ልጠጣ ወጣሁ።

ከዚያ ምክሩ መጣ። አጠገቤ የምትቀመጥ «ጤናማዋ» የምንላት ልጅ አለች። የምትኖርበትን ሥርዓት አንድ በአንድ አስጠናችኝ። ጎህ ሳይቀድ ትነሻለሽ፣ ለብ ያለ ውሃ ትጠጫለሽ፣ ወገብሽን ታፍታቻለሽ፣ ዓይንሽን ጨፍነሽ በረጅሙ ትተነፍሻለሽ፣ በመጨረሻም መስታወት ፊት ቆመሽ የምታመሰግኝበትን ነገር ጮክ ብለሽ ለራስሽ ትናገሪያለሽ አለችኝ። ድምፅ ለጠፋባት ሴት፣ ጮክ ብለሽ። የቸገረው ምን ያደርጋል፣ ሞከርኩት። ዓይኔን ጨፍኜ ስተነፍስ ትንሹ ልጄ መጥቶ በጣቱ የዓይኔን ቆብ ገለጠና ሞተሽ ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። በጠዋት ያባረርኩት እንቅልፍ ደግሞ ከምሳ በኋላ ሥራ ላይ መጥቶ ያዘኝ፤ አንድ አዛውንት ደንበኛ ቅሬታቸውን አቋርጠው፣ ልጄ ተኝተሽ ከሆነ ቆየት ብዬ ልደውል አሉኝ። እኚያ ሰውዬ ብቻ ናቸው በዚያ ሰሞን በእውነት ያዘኑልኝ።

ባለቤቴ ደግሞ የራሱን መድኃኒት አመጣ፤ ከሥራ መልስ አብሮ መንሸራሸር። ቀኑን ሙሉ ጠረጴዛ ላይ ተደፍቶ የውሃ ቧንቧ ካርታ ሲስል የሚውል ሰው ነው፣ ማንም አያናግረውም፣ ወሬ እንደራበው ነው ቤት የሚገባው። በመኪና ጡሩምባ መሀል እየሄድን ይጠይቀኛል፣ እመልሳለሁ፤ አልሰማሁሽም ይለኛል፣ እደግመዋለሁ። እሱ ዘና ብሎ እኔ ታንቄ እንመለሳለን። አክስቱም ሰምታ መጣችና በፈላ ውሃ እንፋሎት ታጥነኝ ጀመር። ራሴን በፎጣ ሸፍና ድስቱ ላይ ስትደፋኝ ጉንጬ ተላጠ፤ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይሄ ነው። ሁሉም ለእሱ የበጀውን ነው የሚያመጣልኝ። ክፋት የለበትም፤ ግን ስንቱን ልዋጥ?

ታዲያ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ልጆቹን «ተነሱ» ልላቸው አፌን ስከፍት ምንም የለም። መሻከር እንኳ አይደለም፣ ድርግም ብሎ መጥፋት ነው። እስከ ዓርብ ድረስ ከትንፋሽ በስተቀር ድምፅ የሚባል ነገር ከአንገቴ አልወጣም። ይቺን ማክሰኞ ያዢልኝ፣ እመለስባታለሁ።

በማግስቱ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። መብራት ግንባሩ ላይ አስሮ ጉሮሮዬን አየና የድምፅ አውታሬ ላይ እባጭ እንዳለ ነገረኝ። የሚመጣው ከመጮህ ነው አለ። ካላሳረፍኩት በቀዶ ጥገና ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ድምፄ እንደ ድሮው ላይመለስ ይችላል። እኔ ያለ ድምፄ ምን ነኝ? እንጀራዬም እሱ ነው፣ ልጆቼን የምገሥጸውም በእሱ ነው። ሐኪሙ ፊቴን አይቶ ኖሮ ወንበሩን ስቦ ቀረበኝ። ሥራ ላይ ትጮሂያለሽ ወይ አለኝ፤ አልጮህም ለማለት ራሴን ነቀነቅሁ፣ እኛ ሰውየው በጮኸ ቁጥር ዝቅ ማለት ነው የተማርነው። ጆሮው የከበደ ሰውስ ቤት ውስጥ አለ ወይ አለኝ። አሁንም ራሴን ነቀነቅሁ። ቤት ውስጥ እውነትም የለም።

ልወጣ ስል ያለኝን ግን በጣም ወደድኩለት። «የሰው ሥርዓት በውሰት አትውሰጂ፤ ልብስ እንኳ ተውሰው ሲለብሱት አይሆንም። ቀንሽን ራስሽ መርምሪ፤ ድምፅሽ የሚያልቅበትን ሰዓት ፈልጊና እዚያ ላይ ዝም በዪ» አለኝ። ሹክሹክታም ከጩኸት እንደማይሻል አስጠነቀቀኝ።

መረመርኩት። ድምፄ ሲመለስ ሥራ ገባሁና ማታ ስወጣ እንዴት እንደሆንኩ አስተዋልኩ፤ ከሥራ ስወጣ ደህና ነኝ። እራት ላይ ስቀመጥ የለሁም። ስለዚህ ነገሩ ያለው በመሀል ነው፣ ቤት ገብቼ ጫማዬን ካወለቅሁ አንስቶ እራት እስኪቀርብ። በዚያ ሰዓት የማደርገውን አንቺም ታውቂዋለሽ። ልጆቹን አስጠናለሁ፣ ከጓዳ ወደ ሳሎን እጣራለሁ፣ ስልክ እደውላለሁ።

ያን ሰዓት ዝም ልል ወሰንኩ። ውሃ አይደለም፣ እስፖርት አይደለም፣ መስታወት አይደለም፤ ዝም ብቻ። መስኮቱ አጠገብ ያለችው ወንበር ላይ እግሬን ዘርግቼ ቁጭ፣ ማንንም አለማናገር፣ ለማንም አለመመለስ። አንቺው አይደለሽ «ዝም አይነቅዝም» እያልሽ ያሳደግሽኝ? የመጀመሪያው ቀን እንዴት እንዳረፍኩ ብነግርሽ ታለቅሻለሽ። ጉሮሮዬ ብቻ አይደለም፣ ትከሻዬ ሁሉ ወረደ።

ግን በእኛ ቤት ዝም ያለ ሰው አኩርፏል። ሌላ ፍቺ የለውም። ሐኪሙ ያለውን በደንብ አስረድቼው እያለ ባለቤቴ በመጀመሪያው ቀን በጎን በጎን ሲያየኝ አመሸ። በሁለተኛው ቀን ሳይጠየቅ ሳህን አጠበ፤ ሳህኑን ያጠበበትን ምክንያት ባውቅም ልከለክለው ግን አልፈለግሁም። በሦስተኛው ቀን ከሥራ ሲገባ ፊት ለፊቴ ቆመና «ቀኑን ሙሉ ለማታውቂው ሰው ሁሉ የሚበቃ ድምፅ፣ እኔ ጋ ሲደርስ ነው የሚያልቀው?» አለኝ። እውነቱን ነው እኮ፣ እማዬ። እሱ ነው ያናደደኝ። መልስ ነበረኝ፣ ግን መልሱ ራሱ ድምፅ ይፈልጋል። እኔ ዝም ስል እሱ ለአክስቱ ደወለ።

እሁድ ዕለት፣ ሌላ ሰዓት የጠፋ ይመስል ልክ በዝምታዬ ሰዓት፣ አክስቱ የታችኛውን ቤት ጎረቤታችንን ሻምበልን አስከትላ መጣች። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሰው ማስታረቅ ነው ሥራቸው። ባለቤቴ አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ። ሻምበል ጉሮሯቸውን ጠረጉና ምን በድሎሽ ነው ልጄ፣ ሳትፈሪ ተናገሪ አሉኝ። እኔም መናገር አልችልም ለማለት በእጄ ጉሮሮዬን ያዝኩና አሳየኋቸው። ሻምበል ከወንበራቸው ተነሱ። ወደ ባለቤቴ ዞሩና በጣም ዝግ ባለ ድምፅ «አንቀሃታል?» አሉት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ምን ብዬ ልጻፍልሽ። ባለቤቴ ይምላል፣ አክስቱ ታለቅሳለች፣ ትልቋ ልጄ መጽሐፏን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ትስቃለች። አባታቸውን ከወንጀል ላድን ስል ተናገርኩ። ስናገር ድምፄ ተሰነጣጠቀ፤ ሲሰነጣጠቅ ስታለቅስ የከረመች ናት አሉ። ስለ እባጩ፣ ስለ ሐኪሙ፣ ስለ ድምፅ ማሳረፍ እየጮህኩ አስረዳሁ። ዝም ማለት እንደሚያስፈልገኝ ለማስረዳት የሳምንት ድምፄን በአንድ ምሽት ጨረስኩት። ሻምበል ሁሉንም ከሰሙ በኋላ፣ ይህ ሁሉ እንዳለ ሆኖ ዋናው ቅሬታሽ ምንድን ነው አሉኝ። እኔ እኮ ቀኑን ሙሉ እንዲህ ብዬ የምጠይቅ ሰው ነኝ።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባል የለ? ባለቤቴ በመሀል ላብ ላብ አለውና እሺ፣ ያኮረፈችው ሰምታ ከሆነ ልናገር ብሎ ሳያማክረኝ አክስቱን ጠቅልለሽ እኛ ጋ ግቢ ብሏት እንደነበር ተናዘዘ። እኔ አልሰማሁም ነበር። ሰምቼም ቢሆን ኖሮ በዝምታ አላልፈውም ነበር። አክስቱ ግን ለካ እንድገባበት ያልተፈለገ ቤት ኖሯል ብላ ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች። አሁን የምታኮርፈው እሷ ሆነች። ሻምበል ሁለቱን ጉዳዮች ለየብቻ እንደሚይዙት ነግረውን ሄዱ።

በማግስቱ ድምፄ እንደገና ጠፋ። አለቃዬ ይህ ነገር ከተደጋገመ ከስልክ ላይ እንደሚያነሳኝ ነገረኝ። ቤት ገብቼ ያንን ሁሉ ሰው በልቤ ተራ በተራ እየረገምኩ ወንበሬ ላይ ስቀመጥ ትልቋ ልጄ ግራጫውን ሻርፔን አምጥታ አንገቴ ላይ ጣለችው። ለአባቷና ለወንድሟ ሻርፑ አንገቷ ላይ ካለ ሐኪም ያዘዘው ነው፣ ሻርፕ ሳይኖር ዝም ካለች አኩርፋለች ብላ ደነገገችላቸው። በቃ። እኔ በቃላት ያቃተኝን በአንድ ጨርቅ ፈታችው። ባለቤቴም ከዚያ ወዲህ ሌላውን ወንበር አምጥቶ አጠገቤ ይቀመጣል። መጀመሪያ ላይ እግሩን ያወዛውዝ ነበር፣ አሁን ተወ። ትናንት ዝም ብሎ ተቀምጦ ቆይቶ እጄን ያዘኝ፤ በሽርሽሩ ጊዜ እንዲህ አድርጎ አያውቅም። እራት ላይ ያስቀመጠውን ወሬ ሁሉ ያወራኛል፣ እኔም ደህና በሆነ ድምፅ እመልስለታለሁ።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ።

ከዚያ ሰዓት ልቀንሰው ያቃተኝ አንድ ነገር ስልካችን ነው። ሻርፑን ለጉዳዩ አውልቄ እደውልልሻለሁ፣ መልሼ ሳደርገው አንገቴ ይነድዳል። ምን እናድርግ፣ መስመሩ አስቸገረን። ስንት ጊዜ «መስመራችሁ ምን ሆኗል፣ ድምፅሽ ከጉድጓድ የሚመጣ ይመስላል» ብለሽኛል። ቅሬታሽን እኔው ራሴ ተቀብዬ፣ እኔው ራሴ መዝግቤ ባለሙያ ላክሁልሽ። ሽቦውንም፣ ስልኩንም፣ ምሰሶውንም አይቶ ሲመለስ መስመሩ ጥርት ያለ ነው አለኝ። ሌላም ሊናገር ፈልጎ ነበር፣ አፍሮ ተወው። እኔም ተቆጣሁት። ካንቺ ይልቅ እሱን ላምን ነው? መስመሩ ነው፣ እማዬ። እኔም መስመሩ ነው እላለሁ።

ግን ያቺን ማክሰኞ ላስታውስሽ። አመሻሹ ላይ እንደ ልማዴ ደወልኩልሽ። ካልደወልኩ እንቅልፍ እንደማይወስድሽ አውቃለሁ፤ ትንፋሼን እንኳ ትሰሚኝ ይሆናል ብዬ ነው። አፌን ከፈትኩ። ከመጀመርሽ በፊት ትንሽ ቆየሽና «እኔ ደህና ነኝ፣ ተመስገን» አልሽኝ። ልጆቹን ጠየቅሽኝ፣ ቆየሽ፣ ተመስገን አልሽ። ባለቤቴን ጠየቅሽኝ፣ ቆየሽ፣ ጎሽ አልሽ። ስለ ጉልበትሽ ነገርሽኝ፤ ሣጥን ውስጥ ስለወለደችው የጎረቤት ድመት ነገርሽኝ። እያንዳንዱን ነገር ጠይቀሽ፣ ለእኔ መልስ የሚበቃውን ያህል እየጠበቅሽ፣ ስታበቂ «ዛሬስ መስመሩ ጥርት ብሏል፣ አንድም ቃል አላመለጠኝም» አልሽኝ። ደስ እንዳለሽም ከድምፅሽ ታወቀኝ። እኔ ስልኩን ይዤ ብዙ ተቀመጥኩ። ልጆቹ ራበን እስኪሉ አልተነሳሁም።

እንዴት ያለ ልፋት ነው ስትለፊ የኖርሽው፣ እማዬ። እኔ በዚህ ጫፍ እጮሃለሁ፣ አንቺ በዚያ ጫፍ የመልሴን ርዝመት እየገመትሽ ትጠብቂኛለሽ፤ ሁለታችንም በየበኩላችን ደክሞን እንተኛለን።

ስለዚህ እንዲህ አሰብኩ። መስመሩ እስኪስተካከል ድረስ እኔ የምነግርሽን እጽፍልሻለሁ። ዓይንሽ ተመስገን ነው፣ አሁንም መርፌ ውስጥ ክር የምታስገቢው አንቺ ነሽ። ስልኩን ግን አንዘጋውም። እሁድ እሁድ እደውልልሻለሁ፤ አንቺ ታወሪኛለሽ፣ እኔ አዳምጥሻለሁ። ሻርፔን እንዳደረግሁ፣ ባለቤቴ አጠገቤ እንደተቀመጠ። ማዳመጥ እንደሆነ ሥራዬ ነው፣ የአንቺን ያህል ጣፋጭ ወሬ ደግሞ ቀኑን ሙሉ የሚነግረኝ የለም። መልሴን መጠበቅ የለብሽም። የፈለግሽውን ያህል ሳትቆሚ አውሪ። መልሱ በፖስታ ይደርስሻል። ይህ ለእኔ ጉሮሮ የሚስማማ ሥርዓት ነው፤ ለአንቺም ሳይስማማሽ አይቀርም ብዬ ነው።

አደራሽን፣ ኩርፊያ እንዳይመስልሽ። በሻምበል እጅ ሌላ ጉዳይ እንዲገባ አልፈልግም። ድምፄን ባጣ ሥራዬን አጣለሁ፤ አንቺን ማነጋገር ባጣ ግን ምን እንደሚቀረኝ አላውቅም። ሁለቱንም እንዳላጣ ነው የምታገለው።

ደግሞም ልጆቹ ትምህርት ሲዘጋላቸው ወደ እኛ ብትመጪ ደስ ይለኛል። ያን ጊዜ ለጉሮሮዬ ቀጠሮ አለኝ፤ ብቻዬን መሄድ አልወድም፣ አብረሽኝ ትሄጃለሽ። ሐኪሙ ጥሩ ሰው ነው፣ ሰው አያጣድፍም፣ የሰው ሥርዓትም በሰው ላይ አይጭንም። በሩ ላይ ምን ምን እንደሚያክም በትልልቅ ፊደል ተጽፏል። እኔ የምሄደው ለአንዱ ነው። ሌላውን ራስሽ ታነቢዋለሽ፤ ካነበብሽ በኋላ እንግባ ካልሽ እንገባለን፣ እንመለስ ካልሽም እንመለሳለን።

ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ እንቅልፍሽን ያጣፍጥልሽ፣ ዓይንሽን ይጠብቅልኝ። ልጆቹ ጉንጭሽን ይስሙሻል። ባለቤቴም እጅ ይነሳል፤ እንዳላነቀኝ አንቺም እንድታውቂለት ለምኖኛል።

አሁን ቀዩን እስክሪብቶ ማንሳት ትችያለሽ። ስህተቴን አርመሽ መልሺልኝ። አይተሽ እንዳላየሽ ያለፍሽው ነገር ካለም ይገባኛል፤ ይህን የተማርኩት ካንቺ ነው።

እሁድ በዝምታ የምትደውልልሽ

ልጅሽ